መባው ከተሰበሰበ በኋላ፦ ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ገንዘብ ያዦች የአሠራር መመሪያ

የምንሰበሰበው በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የገበሬው ማሳ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ባቆምነው የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ከአባላቱ መካከል የቀን ሠራተኞች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች፣ የቤታቸውን የባንክ ዕዳ በየወሩ የሚከፍሉ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከዚያው አካባቢ የበቀሉ የገበሬ ቤተሰቦች አሉ። እኔ በዚህች አጥቢያ ስድስት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኜ አገልግያለሁ።

በየዓመቱ ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ሕዝቡ ለምን አይሰጥም?» መልሱን የማገኘው ከእድራችን ነው። ያው ሕዝብ ለእድሩ ወርኃዊ መዋጮውን ሳይጎተት ይከፍላል። የእድሩ ዳኛ ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው። ሂሳቡ በጉባኤ ይነበባል፤ ያልገባው ተነሥቶ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም አይቀየምም። ያንኑ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ሂሳብ ጠይቁት፣ «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» ይላል። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስለ መስጠት ከመስበክ አልጀምርም፤ ከቆጠራው ጠረጴዛ እጀምራለሁ። ገንዘቡ እንዴት እንደሚያዝ ሳታሳዩ «ስጡ» ማለት ክዳን በሌለው ጋን ውኃ እንዲቀዳላችሁ መጠየቅ ነው።

1. እጆቹን ለዩ

ወጪን የሚፈቅድ፣ ብሩን የሚይዝና ሂሳቡን በመዝገብ የሚጽፍ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። አጥቢያችሁ ትንሽ ናት፣ ሰው የላችሁም? ሦስት ታማኝ ሰው የሌላት አጥቢያ እስካሁን አላየሁም። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ወንድማማቾች በእነዚህ ቦታዎች ላይ አብረው አይቀመጡ። መጋቢው ወይም ወንጌላዊው ብር አይንካ፣ ቼክ ላይም አይፈርም። ይህን ስናገር የተቀየሙኝ አገልጋዮች ነበሩ፤ ኋላ ግን ከሁሉ በላይ ያመሰገኑኝ እነሱው ናቸው፤ ሐሜት ሲነሳ የሚጠቁማቸው ነገር ጠፋ።

ለገንዘብ ያዡ የአገልግሎት ዘመን ወስኑለት። ሦስት ዓመት በቂ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ለማዕድ አገልግሎት የተመረጡት ሰባቱ የተመረጡት በመልካም ምስክርነታቸው ነው፤ የሂሳብ ትምህርት ያግዛል እንጂ መመዘኛው አይደለም። መደመርና መቀነስ ግን መቻል አለበት።

2. እሑድ፣ ከቡራኬው በኋላ

ብዙ ጥፋት የሚፈጠረው በዚህች አንድ ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መባው እንደተሰበሰበ ከረጢቶቹ ወይም ቅርጫቶቹ በሁሉ ፊት ወደ አንድ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይገባሉ። ሣጥኑ ሁለት ቁልፎች ይኑሩት፣ ሁለቱ ቁልፎች በሁለት ሰው እጅ። አንዱ ብቻውን እንዳይከፍተው ነው። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ያለውን ታሪክ ለቆጣሪዎቻችሁ አንብቡላቸው፦ ኢዮአስ በነገሠ በ23ኛው ዓመት እንኳ የቤተ መቅደሱ ንቃቃት አልታደሰም ነበር፤ ገንዘቡ በካህናቱ እጅ ይገባ ነበርና። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነድሎ ከመሠዊያው አጠገብ አኖረው፤ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ይቆጥሩት ነበር። ከዚያ በኋላ አናጢውም ግንበኛውም ተከፈለው፣ ሥራው ሄደ። ጸሐፊው ከቤተ መንግሥት፣ ሊቀ ካህናቱ ከቤተ መቅደስ፤ ሁለቱ በአንድ አለቃ ሥር አይደሉም። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ቆጣሪዎች ሦስት ይሁኑ፣ ዝምድና የሌላቸው፣ በየወሩ የሚቀያየሩ። ገንዘብ ያዡ ከእነሱ አንዱ አይሁን፤ እሱ የሚረከበው የተቆጠረውን ነው። የሚቆጥሩበት ክፍል በሩ ክፍት ይሁን፣ ከጠረጴዛው ላይ ግን ቦርሳ፣ ነጠላና ጃኬት ይነሱ። ልጆች ክፍሉ ውስጥ አይሩጡ።

አሁን ቁጠሩ። መጀመሪያ ፖስታዎቹን ክፈቱ። አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል። ፖስታው ላይ 500 ተብሎ ውስጡ 450 ቢገኝ ዝም ብላችሁ አትሙሉት፣ አትለፉትም፤ ልዩነቱን ፖስታው ላይ ጻፉ፣ ሦስታችሁም ፈርሙ፣ ሰጪውን በዚያው ሳምንት ለብቻው አነጋግሩት። ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የተሳሳተው ራሱ ነው።

የፖስታው ሲያልቅ ልቅ መባውን በኖት በኖት ለዩ። ቅጹ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ 200 ብር በ14፣ 2,800፤ 100 ብር በ37፣ 3,700፤ 50 ብር በ42፣ 2,100፤ 10 ብር በ88፣ 880፤ 5 ብር በ31፣ 155፤ ዝርዝር ሳንቲም በጠቅላላ 46 ብር። ድምር 9,681። ከዚያ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ቅጽ ሳያይ እንደገና ይቁጠር። ሁለቱ ድምሮች ካልገጠሙ ማንም ከክፍሉ አይወጣም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የተጣበቁ የ10 ብር ኖቶች ናቸው፤ ክረምት ሲሆን በተለይ ይጣበቃሉ።

ቅጹ በካርቦን በሁለት ቅጂ ይሠራ። አንዱ ከብሩ ጋር ወደ ገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በቀጥታ ወደ ሂሳብ ሠራተኛው ይሂድ። ሁለተኛው ቅጂ በገንዘብ ያዡ እጅ እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፤ ካለፈ ሁለት ቅጂ መሥራታችሁ ትርጉም የለውም። ለአስራትና ለተለየ ስጦታ ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ ቁረጡ። የተበላሸ ደረሰኝ ተቀዶ አይጣልም፤ «ውድቅ» ተብሎ ከነቅጂው ጥራዙ ላይ ይቆይ።

በአካባቢያችን ስጦታ ሁልጊዜ ብር አይደለም። በመኸር ጊዜ ጤፍ የሚያመጡ አሉ፣ በግ የሚሰጡ አሉ፣ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ በጋሪ የላከ ወንድም አለ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 እንደሚሉት ዓይነት የዕቃ ገቢ ደረሰኝ አዘጋጁ፤ ዓይነቱ፣ መጠኑ፣ የተረከበው ሰው ስም ይጻፍበት። ያልተመዘገበ ጤፍ ጉዳይ እንደ ቀልድ ተነሥቶ ቤተሰብ ሲያቃቅር አይቻለሁ።

3. ብሩ እቤት አይደር

በወጣትነቴ ባገለገልኩበት ሌላ አጥቢያ አንድ ገንዘብ ያዥ ነበረን። ጸሎተኛ፣ ትሑት፣ ለሁሉ ደራሽ ሰው። ብሩን የምናስቀምጠው እሱ ቤት፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር። አንድ ሌሊት ባለቤቱ ታመመችና ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ማስያዣ ጠየቁት። 4,000 ብር ከቁም ሣጥኑ አነሣ፤ ደመወዝ ሲወጣ ሊመልስ። ደመወዝ ሲወጣ መድኃኒቱ ነበረ፤ ቀጥሎ የቤት ኪራዩ። ማንም ስለማይቆጥር ማንም አልጠየቀውም። ለግንባታው ሲሚንቶ ለመግዛት ብሩ ሲፈለግ ጎደሎው ከ30,000 አልፎ ነበር። በዚያው ሳምንት ከእኛ ጠፋ። ልጆቹም አብረውት ጠፉ፤ ከልጆች መዘምራን ውስጥ ሁለት ቦታ ባዶ ሆነ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሱ ያነሣው ብር አይደለም። ብሩን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጥንበት እኛ ነን። ያን ሌሊት አንድ ሽማግሌ ቤት ደውሎ «ሚስቴ ታማለች፣ እርዱኝ» ቢል ከሁላችን ለምኖ ያገኘው ነበር፤ ቁም ሣጥኑ ግን ከስልኩ ይቀርብ ነበር።

እሑድ ባንክ ዝግ ስለሆነ ብሩ ከሣጥኑ ወደ ካዝና፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ባንክ ይሂድ። ካዝናው ቢሮው ወለል ላይ የተበየደ ይሁን። ወደ ባንክ ሁለት ሰው ይሂድ፣ በየሳምንቱ በአንድ ሰዓትና በአንድ መንገድ አይሁን፤ ቅርንጫፉ ሩቅ ከሆነ ከአባላት መኪና ያለውን ጠይቁ። የገባው ብር ከቆጠራ ቅጹ ጋር እስከ ሳንቲሙ እኩል መሆን አለበት። «ከመባው ላይ ለጥበቃው ከፍለን የተረፈውን አስገባን» የሚል ነገር አይኑር። ሁሉ ይገባል፣ ወጪ በሌላ መንገድ ይወጣል። የባንኩ ማስገቢያ ወረቀት ከቅጹ ጋር ይስፋ።

«በባንክ ምን አለፋን፣ እዚሁ ይቀመጥ» የሚል ካለ መስከረም 2013 ዓ.ም.ን አስታውሱት። 200 ብር ሲወጣ የቀድሞዎቹን ኖቶች ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እቤት የቀረው አሮጌ ኖት አይሠራም።

ሂሳቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ይከፈት፣ በማንም ግለሰብ ስም አይሁን። ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ ይውጣ። አንዱ ፈራሚ ወደ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ነው ተብሎ ባዶ ቼክ ላይ ፈርሞ ከተወ ሁለት ፈራሚ የላችሁም ማለት ነው።

4. በስልክ የሚመጣው

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይ ወጣቶቹና በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶች አስራታቸውን በስልክ መላክ ይመርጣሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ እሑድ ፈቃድ ያላገኘችም ትሰጣለች። ግን ተጠንቀቁ። የገንዘብ ያዡን የግል ስልክ ቁጥር ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። በድርጅት ስም የሚከፈት አካውንት ጠይቁ፣ ከእሱም ወደ ባንክ በየሳምንቱ አዛውሩ። የሚቃኝ ኮድ ከለጠፋችሁ በየእሑዱ አንድ ሰው በራሱ ስልክ ቃኝቶ የሚወጣው ስም የቤተ ክርስቲያኒቱ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በላዩ ሌላ ወረቀት መለጠፍ ቀላል ነው። ደግሞም ስክሪን ሾት ደረሰኝ አይደለም። ደረሰኝ የሚቆረጠው ብሩ በሂሳቡ መግለጫ ላይ ከነማጣቀሻ ቁጥሩ ሲታይ ነው።

5. ወጪ

ያለ ጽሑፍ ጥያቄ ወጪ የለም፤ ያለ ደረሰኝ መተማመኛ የለም። ለሻይ ቅጠልና ለሳሙና ትንሽ የእጅ ብር ይመደብ፣ ሲያልቅ ደረሰኞቹ ቀርበው ይተካ።

በእኛ አካባቢ አስቸጋሪው አሸዋና ገረገንቲ፣ የቀን ሠራተኛና የጋሪ ኪራይ ነው፤ ሻጩ ደረሰኝ የለውም። የክፍያ ሰነድ አዘጋጁ፦ የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማው፣ ሥራው ሲሠራ ያዩ የሁለት ሰዎች ፊርማ። መጻፍ የማይችል ከሆነ በጣት አሻራ ይሁን።

ደመወዝተኛ ካላችሁ፣ ወንጌላዊም ይሁን ጥበቃ፣ የደመወዝ ግብር ቆርጦ ማስገባት የእናንተ ኃላፊነት ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ወረዳው ገቢዎች ቢሮ ሄዳችሁ አስሉ። «ቤተ እምነት ነን» ማለት ከዚህ አያድንም።

ለግንባታ የተሰጠ ለግንባታ ነው። በክረምት መባው ሲቀንስ ከግንባታው ብር ለደመወዝ መውሰድ ያምራል፤ ሁላችንም ተፈትነናል። የግድ ከሆነ ሽማግሌዎች በቃለ ጉባኤ «ብድር» ብለው ይጻፉ፣ የሚመለስበት ቀን ይቆረጥ፣ ለጉባኤው ይነገር። ከዚህ ይልቅ ግን በጀቱን አስቀድማችሁ ከወቅቱ ጋር አስማሙት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የቀን ሥራን ያሳንሳል፤ መስከረም የልጆች ደብተርና ምዝገባ አለ። በእነዚህ ሦስት ወራት ከወትሮው ያነሰ ገቢ ጠብቁ፣ ትልልቅ ወጪዎችን ከጥር በኋላ አድርጉ።

6. ግድግዳው ላይ ለጥፉ

በወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ፦ በእጅ የነበረ፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ወጪው ሰው በሚያውቃቸው ቃላት ይጻፍ፤ «ሥራ ማስኬጃ» ከምትሉ «መብራት፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ የድምፅ ማጉያ ጥገና» በሉ። የሰጪ ስም በፍጹም አይኑርበት። እሑድ ተነብቦ በሩ አጠገብ ይለጠፍ።

የመጀመሪያውን ሪፖርት የለጠፍን ቀን ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አስነበቡና ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ የእኔ አሥር ብር የቱ ጋ ነው ያለችው? እስቲ አሳየኝ» አሉኝ። መብራት የሚለውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። ቀና ብለው አምፖሉን አዩትና «እሰይ» ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድም፣ ከዚያ ወዲያም ፖስታቸው አልቀረም።

የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 አድርጉት። ነሐሴ ላይ ከአመራሩ ውጭ የሆኑ ሦስት አባላት መዝገቡን ይመርምሩ፤ አንዱ የሂሳብ ባለሙያ ቢሆን መልካም ነው። ሪፖርታቸውን ለጠቅላላ ጉባኤው የሚያነቡት ራሳቸው ይሁኑ፤ ሽማግሌዎች አያንብቡላቸው።

7. አሁን ስለ መስጠት አስተምሩ

ሂሳቡ ሁለት ሦስት ወር ከተለጠፈ በኋላ ስለ ልግስና ስትናገሩ የሚሰማችሁ ጆሮ ሌላ ነው።

ከሽማግሌዎቹ ጀምሩ። ራሱ የማይሰጥ ሽማግሌ ስለ መስጠት አያስተምር፤ ይህን የሚያውቀው ግን ሕሊናው ነው፣ የስም ዝርዝር አታውጡበት። የአስራት መዝገብ ለመጋቢው አይታይ። የሰጪውን መጠን ያወቀ አገልጋይ፣ ሳይፈልግም ቢሆን፣ ባለ ብዙውን ሰው ቤት ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል።

በዓመት ሁለት ወይም ሦስት እሑድ ለዚህ ትምህርት መድቡ፤ በሌሎቹ እሑዶች ስብከቱን በብር አትዝጉት። 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 ላይ ጳውሎስ እያንዳንዱ በየሳምንቱ እንደ ገቢው እንዲያስቀምጥ ይመክራል፤ ይህ ለቀን ሠራተኛ የተጻፈ ይመስላል። በቀን 400 ብር የሚያገኝ ሰው በወሩ መጨረሻ ከተጠየቀ እጁ ባዶ ነው። ፖስታ ስጡት፣ ሥራ ባገኘ ቀን ትንሽ ይጨምርበት፣ እሑድ ያምጣው። 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12 ደግሞ ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው እንደማይጠየቅ ይናገራል። ይህን ጥቅስ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ዕዳ ያለበት፣ ሥራ የፈታ፣ ባሏ ጥሏት የሄደች እህት ይስሙት።

እዚህ ላይ ልቤ ያለውን ልናገር። «ዛሬ አሥር ሺህ የሚዘራ፣ በዚህ ወር መቶ እጥፍ ያጭዳል» እያሉ ድሃውን የኪራይ ብሩን ማስወጣት ኃጢአት ነው። የኪራይ ብሯን ሰጥታ በወሩ መጨረሻ ዕቃዋ ደጅ የወጣባትን እህት አልቅሰን ተሸክመን ገብተናል። አንድ ሰው በስሜት ተነሥቶ ያለ የሌለውን ቢሰጥ፣ በማግስቱ ሄዳችሁ «ወንድሜ፣ ቤትህ ምን ይበላል?» በሉት፤ ካስፈለገም መልሱለት። የመለሳችሁለት ሰው አይርቃችሁም።

ለግንባታ ቃል ስታስገቡ ስምና መጠን በማይክሮፎን አታስጠሩ። በወረቀት ይሁን፣ በ12 ወር ይከፋፈል፣ አንዱ እንደ አንድ ቆርቆሮ፣ አንዱ እንደ አሥር ብሎኬት አድርጎ ይያዘው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ወረቀቱ ግርጌ «ሁኔታዬ ቢለወጥ ቃሌን ማሻሻል እችላለሁ» የሚል መስመር አስገቡ። ቃሉን መፈጸም አቅቶት አፍሮ ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው ስንት እንዳለ ብታውቁ ይህን መስመር አትዘሉትም።

ልጆችን አትርሱ። የልጆች ክፍል የራሱ ትንሽ ሣጥን ይኑረው፣ ምን እንደሚገዛበት ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ። የእኛዎቹ ኳስ ይመርጣሉ ብዬ ነበር፤ ለጓደኛቸው ጫማ መረጡ።

8. ችግረኛን በድብቅ እርዱ

ከገቢው የተወሰነ እጅ ለችግረኞች ይለይ፤ በየወሩ የተለየው ብር በሪፖርቱ ላይ በጠቅላላ መጠኑ ብቻ ይታይ። ሁለት ዲያቆናት ቤቱ ሄደው ይዩ፣ የሚሰጠውን ወስነው ለሦስተኛው ያሳውቁ። ከተቻለ ለቤት አከራዩ፣ ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ክፈሉ። ማንንም መድረክ ላይ አቁማችሁ ብር አታስጨብጡ፣ ፎቶ አታንሱ። የገንዘብ ያዡና የአገልጋዮቻችሁ ቤትም በዚህ ውስጥ እንዳለ በግልጽ ንገሯቸው፤ ችግር ሲመጣ ለማን እንደሚደውሉ ከቀድሞው ይወቁ።

9. ርክክብና ጎደሎ

ገንዘብ ያዥ ሲለወጥ ቁልፍ በመሳም አይተላለፍም። ዕዝራ ወርቁንና ብሩን ለካህናቱ መዝኖ አስረከበ፤ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ እንደገና ተመዘነ፣ ክብደቱም ተጻፈ። ያንኑ አድርጉ፦ ካዝናውን ቁጠሩ፣ የባንክ መግለጫውን አያይዙ፣ ያልተቆረጡትን የደረሰኝ ጥራዞች በቁጥራቸው መዝግቡ፣ የባንክ ፈራሚውን በዚያው ሳምንት ለውጡ፣ አስረካቢና ተረካቢ በምስክር ፊት ይፈርሙ።

ጎደሎ ቢገኝ በዚያው ቀን በሦስት ሰው ፊት እንደገና ቁጠሩ፣ መዝገቡን ከባንኩ ጋር አመሳክሩ። ስህተት ካልሆነ ሁለት ሽማግሌዎች ሰውየውን ለብቻው ያነጋግሩት። ካመነ የመመለሻ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ካልተስማማና መጠኑ ትልቅ ከሆነ ጉዳዩን ወደ ሕግ ማቅረብ ክህደት አይደለም። ለጉባኤው የጎደለውን መጠንና የተወሰደውን እርምጃ ንገሩ። ሳይነገር የታፈነ ጎደሎ በወሬ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ እኛ ያን ጊዜ ያላደረግነውን አድርጉ። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች ቤቱ ይሂዱ፣ ስለ ብር ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ጤና ይጠይቁ፣ አብረው ይጸልዩ። የልጆቹ የመዝሙር መምህርት ቅዳሜ ደውላ «ነገ ልምምድ አለን፣ እጠብቃችኋለሁ» ትበላቸው።